እናቴ ቤት ሁለት ወር የከረመው የኦክስጅን ማሽን

ማሽኑ ሱሉልታ የደረሰው ሐምሌ መጀመሪያ ላይ፣ በአሮጌ ፒክአፕ ኋላ፣ በስፖንጅ ፍራሽ ተጠቅልሎ ነው። ዝናቡ ሲወርድ ያደረ ነበርና ሾፌሩ ከጎጃም መንገድ ወደ እናቴ ቤት የሚያስገባውን ጭቃ አይቶ «እዚህ ውስጥ አልገባም» አለ። ቴክኒሺያኑ ልጅ ሱሪውን ጠቅልሎ አንዱን ጎን ያዘ፣ እኔ ሌላውን ያዝሁ፤ ሦስት መቶ ሜትር ያህል ተሸክመን ገባን። ለዚያ ልጅ ከአምስት አምስት እሰጣለሁ። ለሱቁ ግን አልሰጥም።

ሱቁ ከአዲሱ ገበያ ከፍ ብሎ የሚገኝ የሕክምና ዕቃ አከራይ ነው፤ ስሙን አልጠራም። ኮንሰንትሬተር የሚባለውን፣ በደቂቃ እስከ 5 ሊትር የሚሰጥ የኦክስጅን ማሽን በወር 9,000 ብር፣ ከ25,000 ብር መያዣ ጋር ያከራያል። ከአንድ ወር በታች አይሰጥም። እኛ ሁለት ወር ወሰድን። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ሃያ ሁለት ዓመት ፍሪጅ እየጠገንሁ የኖርሁ ሰው ነኝ። ስለዚህ ስለ ማሽኑ የምለውን በእርግጠኝነት እላለሁ፤ ስለ ሕመሙ የምለው ደግሞ ከእናቴ ሐኪም የሰማሁትንና ፋርማሲ የምትማረው የእህቴ ልጅ ፈልጋ ያነበበችልኝን ነው።

እናቴን ያመማት ሰኔ 18 ቀን ማለዳ ነው። ቡና እየወቀጠች ሳለ ዘነዘናው ከእጇ ወደቀ። ለማንሣት ብትሞክር ቀኝ እጇ አልታዘዝ አለ፤ አፏም ወደ አንድ ጎን ተጣመመ። ጎረቤቷ እትዬ «ምች ነው» ብለው ዳማ ከሴ ጨምቀው ፊቷን አሹላት። በፍቅር ያደረጉት ነውና አልወቅሳቸውም። እኔ እስክሰማ ግን ሦስት ሰዓት አለፈ፤ መኪና ተፈልጎ፣ እንጦጦን ተሻግረን ሆስፒታል እስክንደርስ ደግሞ ሌላ ሁለት ሰዓት ተኩል። ሲቲ ስካን ሲነሣ ስትሮክ መሆኑ፣ እርሱም የአንጎል ደም ሥር መዘጋት እንጂ ደም መፍሰስ አለመሆኑ ታወቀ። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረበት ደቂቃ አንሥቶ በአራት ሰዓት ተኩል ጊዜ ውስጥ ነው፤ እኛ አልፈነዋል። ትልቅ የአንጎል ደም ሥር ተዘግቶ ሕክምና ሳያገኝ በሚያልፈው በእያንዳንዱ ደቂቃ 1.9 ሚሊዮን የአንጎል ሴል እንደሚሞት የእህቴ ልጅ በኋላ ነገረችኝ። ባትነግረኝ ይሻለኝ ነበር። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ የዚያን ቀን ግን አንዳችንም ትዝ አላለንም።

የኦክስጅኑ ነገር የመጣው በሦስተኛው ቀን ነው፤ ጥፋቱም የእኔ ነው። ነርሷ «የመዋጥ ችሎታቸው ሳይፈተሽ ምንም እንዳትሰጧቸው» ብላ ነበር። እናቴ ግን በዓይኗ የጠየቀችኝ መሰለኝ፤ ሌሊቱን ሙሉ ከንፈሯን ስትልስ አድራለች። እህቴ በፔርሙስ ያመጣችውን አጥሚት በማንኪያ፣ እንደተኛች፣ ሁለት ሦስቴ ሰጠኋት። ሳል አልሳለችም። ዝም ብላ ነው የዋጠችው፤ ወይም የዋጠች የመሰለኝ። በማግስቱ ትኩሳት ያዛት፤ አጥሚቱ የሄደው ወደ ሳንባዋ ኖሯል። ስትሮክ የመታው ሰው ጉሮሮው ሳይነግረው ምግብ ወደ መተንፈሻ ቱቦው እንደሚገባና ይህ የሳንባ ምች ከዋነኞቹ ገዳዮች አንዱ እንደሆነ ያወቅሁት ከዚያ ወዲህ ነው። የደሟ ኦክስጅን ወደ 84 ከመቶ ወረደ።

ይህን የማወራው ማሽኑ ለምን እንደተከራየ ግልጽ እንዲሆን ነው። ኦክስጅን ያስፈለጋት ሳንባዋ ስለታመመ ነው። በፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ተሽሏት ስትወጣ ቀን ቀን ደህና ነበረች፤ ሌሊት ግን እስከ 87 ትወርድ ነበር። ሐኪሟ በወረቀት ላይ ጻፈችልኝ፦ ከ90 በታች ሲሆን በደቂቃ 2 ሊትር፣ ከ92 በላይ ሆኖ ሲቆይ ይጠፋ። ይህ ለእናቴ የተሰጠ ቁጥር ነውና ለሌላ ሰው አትውሰዱት።

አሁን ወደ ሱቁ። ግድግዳው ላይ የአንጎል ሥዕል በአረፋ ተከቦ ተለጥፏል። የሽያጭ ሠራተኛው ስትሮክ የሚለውን ቃል ከአፌ ሲሰማ ፊቱ በራ። «ጋሼ፣ አምስት ላይ አድርገው ቀንም ሌሊትም ይስጧቸው፤ ኦክስጅን የተጎዳውን አንጎል መልሶ ያነሣል። በሁለት ሊትር ምንም አያገኙም» አለኝ። ወረቀቱን አሳየሁት። «እሱ ለጥንቃቄ የሚጻፍ ነው» ብሎ ሳቀ። የሦስት ወር ክፍያ ባንድ ጊዜ ብከፍል ቅናሽ እንዳለም ጨመረልኝ።

እዚህ ላይ ፍሪጅ ጠጋኝነቴ ጠቀመኝ። ፍሪጅ ውስጥ ካፒላሪ የምትባል እንደ ቀጭን ሽቦ ያለች ቱቦ አለች። እርሷ ስትዘጋ ፍሪጁ አይቀዘቅዝም። ልምድ የሌለው ሠራተኛ «ጋዝ አንሶታል» ብሎ ጋዝ ይጨምርበታል፤ ከተዘጋው ወዲህ ያለው ግፊት ይጨምራል እንጂ ከተዘጋው ወዲያ አንዲት ጠብታ አታልፍም። ሐኪሟን እንዲህ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኋት፤ ከሞላ ጎደል እንዲህ ነው አለችኝ። ኦክስጅንን ወደ አንጎል የሚያደርሰው ደም ነው። ኦክስጅን የሚሸከመው የቀይ የደም ሴሉ ሄሞግሎቢን 95 ከመቶ ከተጫነ በኋላ የሚጨመረው ኦክስጅን የሚሟሟው በደሙ ውኃ ውስጥ ነው፤ እርሱም ጥቂት ነው። ያላስፈለገ ኦክስጅን ሲበዛም የአንጎልን ደም ሥሮች ሊያጠብ ይችላል።

በዚህ ላይ በብሪታንያ የተሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ውጤቱ የታተመ ትልቅ ጥናት አለ። ኦክስጅን የግድ ያላስፈለጋቸው 8,003 የስትሮክ ሕሙማን በሦስት ተከፈሉ፦ ለ72 ሰዓት ያለማቋረጥ የተሰጣቸው፣ ሦስት ሌሊት ብቻ የተሰጣቸው፣ ካላስፈለገ በቀር ያልተሰጣቸው። መጠኑም እንደ እናቴ ሁለት ወይም ሦስት ሊትር ነበር። ከሦስት ወር በኋላ በሞትም ሆነ በአካል ጉዳት በመካከላቸው ልዩነት አልተገኘም። ስምንት ሺህ ሰው ማለት ከቤታችን እስከ ሱሉልታ ገበያ ቢሰለፍ አያልቅም። የሽያጭ ሠራተኛው ይህን ላያውቅ ይችላል። ካላወቀ ግን ስለ አንጎል ባያወራ ምን ነበረበት?

ለማዳላት አልፈልግምና ሌላውንም ልንገራችሁ። ቻይና ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣ ጥናት አለ፤ 282 ሕሙማን ነበሩበት። የረጋው ደም በደም ሥር በገባ ሽቦ ተጎትቶ ሲወጣላቸው፣ ግማሾቹ በጭንብል በደቂቃ 10 ሊትር ኦክስጅን ለአራት ሰዓት ያህል ወሰዱ፤ ከሦስት ወር በኋላም የተሻለ ሁኔታ ላይ ተገኙ። ይህን ስሰማ ወዲያው ገባኝ፤ ካፒላሪዋ ተከፍታለቻ! ያ ግን ሕመሙ በጀመረ በሰዓታት ውስጥ፣ ሆስፒታል ውስጥ፣ ከቀዶ ክፍል ጋር ነው። በአሥራ ምናምነኛው ቀን ሱሉልታ፣ በእናቴ መኝታ ቤት፣ በወር 9,000 ብር የሚገኝ ነገር አይደለም።

አሜሪካ ያለችው ታናሽ እህቴ ደግሞ ሰው ሙሉ በሙሉ ገብቶ በግፊት ኦክስጅን የሚተነፍስበትን በርሜል መሰል ክፍል ቪዲዮ ላከችልን። «ገንዘቡን እኔ እልካለሁ፣ እማዬን ውሰዷት» ትላለች እያለቀሰች። እህቴን እወዳታለሁ፤ ሩቅ ያለ ሰው ገንዘብ መላክ ብቻ ስለሚችል ያማታል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2014 የተሠራው የጥናቶች ግምገማ 11 ጥናቶችን፣ 705 ሰዎችን አይቶ ለስትሮክ ይጠቅማል ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ አላገኘም። የአሜሪካኖቹ ራሳቸው የስትሮክ መመሪያም ስትሮኩ በደም ሥር በገባ የአየር አረፋ ካልመጣ በቀር አይመክረውም። ያን ገንዘብ ለፊዚዮቴራፒስት እንድታደርገው ነገርናት። አኩርፋ አራት ቀን አልደወለችም።

ማሽኑ ራሱስ? ጥሩ ማሽን ነው። ውስጡን ከፍቼ አላየሁም፣ ውሉ ይከለክላል፤ ድምፁን ግን አደመጥሁ። ኮምፕሬሰሩ ንጹሕ ነው፣ አይንቀጠቀጥም። አየር ይስባል፣ ዜዎላይት የሚባል ጠጠር በተሞላባቸው ሁለት ሲሊንደሮች በየተራ ይጨምቃል፤ ጠጠሩ ናይትሮጅኑን ይይዛል፣ ኦክስጅኑ ያልፋል። በየጥቂት ሰከንዱ «ፍስስስ» ብሎ የያዘውን ናይትሮጅን ይተፋል። እናቴ የመጀመሪያውን ሌሊት «ይሄ ሰውዬ ማን ነው የሚያንኮራፋው?» አለችኝ፤ ከታመመች ወዲህ የተናገረችው ረጅሙ ዓረፍተ ነገር ነበር። የኤሌክትሪክ ፍሰት በሚለካው ክላምፕ ሜትር ስለካው 1.6 አምፔር ይወስዳል፣ ወደ 350 ዋት ማለት ነው። ሃያ አራት ሰዓት ቢሠራ በቀን ከ8 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ይበላል፤ የቅድመ ክፍያ ቆጣሪ ያላችሁ አስቡበት። ስታቢላይዘር አይሰጡም። የእኛ ሰፈር መብራት ማታ ማታ 180 ቮልት ስለሚወርድ የራሴን ከሱቄ አመጣሁ። ስታቢላይዘር የሌለው ተከራይ ምን እንደሚያደርግ እንጃ።

አሁን ማንም ያልነገረኝን፣ በመመሪያው መጽሐፍ ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን ነገር ልንገራችሁ። «የሚሠራበት ከፍታ፦ እስከ 2,286 ሜትር» ይላል። አዲስ አበባ ራሷ 2,355 ሜትር ላይ ናት። ሱሉልታ ከእንጦጦ ወዲያ፣ ከዚያም ከፍ ያለች ናት፤ ስልኬ በእናቴ በረንዳ ላይ 2,600 አካባቢ ያሳያል። እዚያ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል ከሩብ በላይ ያንሳል። ማሽኑ ደግሞ ኦክስጅን ከየትም አይፈጥርም፣ ካገኘው አየር ነው የሚያጣራው። ለቴክኒሺያኑ ደወልሁ። «እውነትዎን ነው ጋሼ፣ መለኪያ ይዤ እመጣለሁ» አለ፤ በማግስቱም መጣ። ሁለት ሊትር ላይ ንጽሕናው 93 ከመቶ፣ መብራቱም አረንጓዴ። አምስት ላይ ሲያደርገው በሊትር መለኪያው ውስጥ ያለችው ኳስ ወደ ላይ ወጣች፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ቁጥሩ ወደ 81 ወርዶ ቢጫ መብራት በራ። የሽያጭ ሠራተኛው «አምስት ላይ አድርጉት» ያለው ያንን ነው። ሁለት ሊትር ለሚበቃው ሕመምተኛ ችግር የለበትም፤ አራት አምስት ሊትር የታዘዘለት ሰው ግን እንጦጦ፣ ሱሉልታ ወይም ያንን በመሰለ ከፍታ የሚኖር ከሆነ በደቂቃ እስከ 10 ሊትር የሚሰጥ ማሽን ይጠይቅ፤ ሲረከብም በሚፈልገው ሊትር ላይ በመለኪያ እንዲያሳዩት ያስገድድ።

(የእህቴ ልጅ በዚህ ሰሞን ያገኘችው ሌላም ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ጥናት ሰሜን ተራሮች ላይ፣ 3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ 236 ሰዎችን ለክቶ የደማቸው ኦክስጅን በአማካይ 95.3 ከመቶ ሆኖ አግኝቶታል፤ ሄሞግሎቢናቸውም እንደ ቆላ ሰው ነው። እናቴ የፍቼ ልጅ ናትና ይህን ስነግራት «ታዲያ እኔን ምን ነካኝ?» አለች።)

ጣት ላይ የሚሰካው የደም ኦክስጅን መለኪያ ከኪራዩ ጋር አይሰጥም፤ ለብቻው ገዛሁ። ያለ እርሱ ማሽኑን መከራየት የነዳጅ መለኪያ የሌለው መኪና እንደመንዳት ነው። እርሱም ግን ይሸውዳል። አንድ ሌሊት 79 አሳይቶኝ ልቤ ቀጥ አለች፤ ለካስ የለካሁት የደከመውን ቀኝ እጇን ነው፣ እንደ በረዶ ቀዝቅዟል። አሽቼ አሙቄ በግራ ስለካ 91 ሆነ። በነሐሴ ደግሞ የልጅ ልጆቿ እንሶስላ ሊያስሩላት መጡ። ቴክኒሺያኑ ቀለም ንባቡን እንደሚያዛባ ነግሮኝ ነበርና የግራ አውራ ጣቷን እንዲተዉልኝ ለመንኋቸው፤ ዘጠኝ ጣት ቀይ፣ አንድ ጣት ነጭ ሆና ከረመች።

ከሁሉ የከበደን ከሰሉ ነው። ሐምሌ ሱሉልታ ብርድ ነው፤ ጠያቂ ደግሞ አይቋረጥም። ጠያቂ ከመጣ ቡና አለ፣ ቡና ካለ ከሰልና ዕጣን አለ። ቴክኒሺያኑ ልጅ ገና ማሽኑን ሲያስቀምጥ ሦስት ሜትር በእርምጃው ለክቶ «ከዚህ ወዲህ እሳት አይገባም፣ ጧፍም ቢሆን» አለ። ኦክስጅን ራሱ አይነድም፤ የሚነደውን ነገር ግን ያብሰዋል። አፍንጫዋ ሲደርቅ ቫዝሊን ልቀባት ስል አስቆመኝ፤ ቅባቱ ነዳጅ ነክ ነው። ከዚያ የከፋው ደግሞ የተዘጋ ክፍል ነው። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይቀማል፤ የጣት መለኪያው ሁለቱን አይለይም። አንድ ቅዳሜ ሦስት ሴቶች በሩን ዘግተው ቡና ሲያፈሉ ደረስሁ። መለኪያው 97 ይላል፣ እትዬም «ይኸው ተሻላት!» ይላሉ፤ እናቴ ግን ራሷን ይዛለች። ምድጃውን አንሥቼ በረንዳ ላይ አወጣሁት። ለሁለት ሳምንት ያህል «ቡና ያባረረው ልጅ» ተብዬ ነበር።

መብራት ሲጠፋ የሚሆን ባለ 10 ሊትር ሲሊንደር በተጨማሪ 2,500 ብር አከራዩን። 150 ባር ሲሞላ 1,500 ሊትር ኦክስጅን ይይዛል፤ በደቂቃ ሁለት ሊትር 12 ሰዓት ተኩል ያደርሳል። ያለ መክፈቻ ቁልፍ ነው የላኩት! ያወቅሁት ማታ አራት ሰዓት ላይ፣ በጨለማ፣ መብራት ከጠፋ በኋላ ነው። ወደ ሱቁ ብደውል የሚያነሣ የለም፤ «24 ሰዓት አገልግሎት» የሚለው ጽሑፍ ግን ከአንጎሉ ሥዕል ሥር አለ። ቴክኒሺያኑ በራሱ ስልክ አነሣ። የራሴን ቁልፍ ላምጣ ስለው «ጋሼ፣ መጀመሪያ እጅዎንም ቁልፉንም በሳሙና ይታጠቡ! ግሪስ ካለበት እንዳይነኩት!» ብሎ ጮኸብኝ። ቅባትና በግፊት ያለ ኦክስጅን ሲገናኙ ይቀጣጠላሉ። ሃያ ሁለት ዓመት ከእጄ ግሪስ ጠፍቶ አያውቅም። በባትሪ ብርሃን፣ በቀዝቃዛ ውሃ፣ ሦስት ጊዜ ታጠብሁ። መብራቱ የመጣው ዘጠኝ ሰዓት ያህል ጠፍቶ ከቆየ በኋላ ነው፤ ሲሊንደሩ አደረሰን።

ማሽኑ ከነሐሴ አጋማሽ በኋላ አልበራም ማለት ይቻላል። ሳንባዋ ሲድን ቁጥሩም ሌሊት ከ91 አልወርድ አለ። እጇን የመለሰላት የፊዚዮቴራፒስቷ ጎትታ ማሠራት፣ በየቀኑ የምትወስደው አስፒሪንና የደም ግፊት ክኒኗ፣ ደግሞም ግትርነቷ ነው፤ ማሽኑ እዚያ ውስጥ የለበትም። በሚችለው ነገር ግን አላሳፈረንም።

ስንመልሰው ከመያዣው ላይ 1,800 ብር ቆረጡ፤ «ለአፍንጫ ቱቦና ለውሃ ጠርሙስ» ነው አሉ። ቱቦውንም ጠርሙሱንም በመጀመሪያው ቀን በደረሰኝ ገዝቻቸዋለሁ። ደረሰኙን አወጣሁ። የሽያጭ ሠራተኛው አየው፣ ገለበጠው፣ «ሥራ አስኪያጁ የሉም» አለ። ሦስት ጊዜ ተመላልሼ በቴሌብር ላኩልኝ። እንግዲያው ቱቦው የእኔ ነው ብዬ ይዤው ወጣሁ፤ ሰባት ሜትር ነው። ለምን እንደያዝሁት አላወቅሁም ነበር። እናቴ ትናንት በግራ እጇ እየሳበች፣ በቀኟ እየያዘች፣ የዶሮዎቹን ቤት በር አስራበታለች።